ጥበብ በደጃችን
ለደብሩ በዓል የተሰጠ ንግግር



ሰው ለዕለት ኑሮው የሚሆነውን ጥበብ ሲሻ ብዙ ጊዜ ወደ ሩቅ ይመለከታል። መጻሕፍትን መመርመር የሚገባ ነው፤ አበው መጽሐፈ ምሳሌን፥ ተግሣጽንና ሲራክን ከ81ዱ መጻሕፍት ጋር ጠብቀው ያቆዩልን ለዚሁ ነውና። ነገር ግን የተነበበው ጥበብ በሥራ ሲገለጥ የምናየው፥ አብዛኛውን ጊዜ በምንንቀው ሰው እጅ ነው።

ይህን ለማወቅ ከዚህ ሰፈር መውጣት አያስፈልግም። በጣልያን ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ወደ መርካቶ ከተዛወረ ወዲህ፥ ምናለሽ ተራ የሚባለው ስፍራ በእጅ ሠራተኞቹ ታውቋል። ሌላው የጣለውን በርሜል ምድጃ፥ ያለቀውን ጎማ በረባሶ ያደርጉታል። ሠራተኛው ዝገቱን ይፍቃል፥ የጎበጠውን ያቃናል፤ «ይህ ምን ነበረ?» ሳይሆን «ይህ ምን ይወጣዋል?» ብሎ ይመረምራል። ትዕግሥትና ተስፋ ማለት ይህ ነው።

እንዲህ ያለውን ባለሙያ ግን «ቀጥቃጭ» እያሉ መስደብ የቈየ ልማድ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። ሆኖም ንቀቱ ከአንደበታችን ፈጽሞ አልጠፋም። መምህሩን የሚንቅ ሰው ከትምህርቱ ምን ያተርፋል?

እንግዲህ የሠራተኛውን ዓይን ይዘን ወደ ጎረቤታችን እንመልከት። በ1930 ዓ.ም. የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን በአገራችን ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ስለ ኖረ፥ ሕሙማን ከሩቅ አገር ሁሉ ወደዚህ ይመጡ ነበር። በከተማው ግን «አማኑኤል ይግባ» ማለት መዘባበቻ ሆነ። ትርጓሜው «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» የሆነ ስም የታመመ ሰው ማዋረጃ ሲሆን መስማት እጅግ ያሳዝናል።

ሰው ብረት አይደለም፥ ክብሩም ከዕቃ ጋር አይተያይም። ነገር ግን ለአሮጌ በርሜል ያልነፈግነውን ተስፋ ለወንድማችን መንፈጋችን ሊያሳፍረን ይገባል። የአእምሮ ሕመም እንደ ሌላው ሕመም ሕክምና አለው፤ ታክመው ወደ ሥራቸውና ወደ ልጆቻቸው የተመለሱ ብዙዎች ናቸው። የዳነው ሰው ግን ጎረቤቱ ቡና ካልጠራው፥ ዕድሩም ካላስጠጋው፥ ቤቱ ገብቶም እንደ ባይተዋር ይኖራል።

ስለዚህ ወላጆች የታመመውን ልጃቸውን በጓዳ አይሸሽጉት፥ በሰንሰለትም አይሰሩት፤ ፈጥነው ወደ ሐኪም ያድርሱት። እናንተም አባቶች፥ ጠበል የሚጠመቀው ሕመምተኛ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት እንዳያቋርጥ ምከሩልን፤ ቃላችሁ ይሰማልና። ሁላችንም የሰፈራችንን ስም ለስድብ የሚያውል ሰው ስንሰማ በትሕትና እንመልሰው።

የምንሻት ጥበብ በደጃችን ናት። አይተን የምንሠራባት ያድርገን። አሜን።