በጡት ሕመም ምክንያት ስለሚመጣ ጭንቀትና ድባቴ የተሰጠ ንግግር



ሰው እግሩን ቢያመው ለጎረቤቱ ይነግራል፤ ራሱን ቢያመው ለባልንጀራው ያዋያል። በጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት ግን ብዙ ጊዜ ለባሏም ለእናቷም ሳትናገር ወራት ታሳልፋለች። ይህም ዝምታ ከፍርሃት የተነሣ ነው፤ ፍርሃቱም ነፍስን ያስጨንቃል፤ ሕክምናንም ያዘገያል።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፣ በጡት ላይ የሚወጣ እብጠት ሁሉ ነቀርሳ፣ ማለት ካንሰር፣ አለመሆኑ ነው። የሚበዛው ውሃ የቋጠረ ከረጢት፣ ወይም በወጣት ሴቶች ላይ የሚታይ የማይገድል ዕጢ፣ ወይም በምታጠባ እናት ላይ የሚነሣ መግል ነው። ነገር ግን ይህን የሚለየው ምርመራ እንጂ ግምት አይደለም። ሐኪሙ በእጁ ይዳስሳል፤ በአልትራሳውንድ ወይም በማሞግራፊ መሣሪያ ያያል፤ ካስፈለገም በመርፌ ናሙና ወስዶ ያስመረምራል።

ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ግን እንቅልፍ ይጠፋል፤ እህል አይዋጥም፤ ሴቲቱም ልጆቿን እያየች ማን ያሳድግልኝ ይሆን ትላለች። በኋላ ደኅና ነሽ ከተባሉት እንኳ ብዙዎቹ በዚህ ጭንቀት ያልፋሉ። ደዌው ነቀርሳ ሆኖ የተገኘባት ደግሞ ጡቷን እንዳታጣ፣ ጠጕሯ እንዳይረግፍ፣ ባሏም እንዳይርቃት ትሰጋለች። ኀዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ዕለት ዕለት ሲጸናባት፣ የምትወደውንም ሁሉ ሲያስጠላት ድባቴ ሊሆን ይችላል። ድባቴም የሃይማኖት ጕድለት ወይም ስንፍና አይደለም፤ በምክርና በመድኀኒት የሚታከም ሕመም ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. በዓለም 2.3 ሚሊዮን ያህል ሴቶች የጡት ነቀርሳ ተገኝቶባቸዋል። በኢትዮጵያም ሴቶችን ከሚይዙት የነቀርሳ ዓይነቶች ቀዳሚው ይኸው ነው፤ ብዙዎቹም ወደ ሐኪም የሚደርሱት ደዌው ከሰፋ በኋላ ነው። በጊዜ ለተገኘው ግን የመዳን ተስፋው ትልቅ ነው።

ስለዚህ የንስሓ አባት ጭንቀቷን የሰማ እንደ ሆነ፣ ጠበሉን ሳያስቀርባት ወደ ሐኪም ይላካት። ባልም እስከ ምርመራው ቦታ አብሯት ይሂድ። ጎረቤትም ሞት እንደ ተፈረደባት አድርጎ አያልቅስባት፤ ይልቁንስ እንቅልፍሽ እንዴት ነው፣ ምግብስ ይስማማሻል ብሎ ይጠይቃት። መኖር ሰለቸኝ ያለችውን ብቻዋን ትቶ መሄድ አይገባም፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ትወሰድ። በሽታውን የደበቀ መድኀኒት የለውም እንዲሉ፣ እብጠቱም ጭንቀቱም ተደብቀው የሚድኑ አይደሉም፤ እርሷ እንድትናገር ግን አስቀድሞ የሚሰማት ሰው ሊኖር ይገባል።