«እንዴት?» ብለን እንጠይቃቸው

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ፣ ቡልቡላ፣ ልጆችን ከሚያስጠኑ እናቶች የቀረበ ንግግር)



ስለ ቁጠባውና ስለ ብድሩ ሒሳብ ያዣችን ትነግራችኋለች። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ያሉ ልጆቻችንን ሰብስበን አማርኛ የምናለማምድ እናቶች ነን። ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ሰዋስው ነው፤ ስለ ተውሳከ ግስ። «ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኛም መጀመሪያ እንደዚያ ብለን ነበር።

ነገሩ የተነሳው ከመካከላችን አንዷ ዘመድ ልትጠይቅ ሐዋሳ በሄደች ጊዜ ነው። የሁለት ዓመት ልጇ ታመመባትና ክሊኒክ ወሰደችው። ያገኘችው ባለሙያ አፋን ኦሮሞ አይሰማም፤ የእሷ አማርኛ ደግሞ ከገበያ አያልፍም። «ምን ሆነ?» አላት። «ያስለዋል፤ ይተነፍሳል» አለችው። ሽሮፕ ተሰጥቷት ተመለሰች። ልትል የፈለገችው «ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ሌሊት ይብስበታል» ነበር። «ቶሎ ቶሎ» የምትለው ቃል ግን አልመጣላትም። በሦስተኛው ቀን ልጁ በሳንባ ምች ተኛ። ዛሬ እግዜር ይመስገን ደህና ነው፤ በር ላይ ኳስ የሚያንከባልለው እሱ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንደሚያስተምሩን፣ የሚያስለው ልጅ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለ ከሆነና በደቂቃ 40 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው ደግሞ 50 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ የሳንባ ምች ምልክት ነውና ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። «ይተነፍሳል» ከማለት «ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል» ማለት ምን ያህል እንደሚለይ አስቡት።

ተውሳክ በግዕዝ ጭማሪ ማለት ነው። (ባሕረ ሐሳብ የሰማችሁ እናቶች ቃሉ አዲስ አይሆንባችሁም።) ግሱ የተደረገውን ይናገራል፤ ተውሳኩ እንዴት፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ እንደተደረገ ይጨምርበታል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አልሆነልንም። «ተውሳከ ግስ ግስን የሚገልጽ ቃል ነው» ብለን ሰሌዳ ላይ ጻፍን። ልጆቹ በዜማ አሉት፣ ደጋግመው አሉት። ዓረፍተ ነገር ሥሩ ስንላቸው ግን ሁሉም እግራቸውን ያዩ ጀመር። እኛም አብረን አየን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰሌዳውን ትተን ጆግ ይዘን መጣን። ጆጉን እስከ አፉ በውሃ ሞልተን ለአንዲት ልጅ ሰጠናትና እስከ ዛፉ ድረስ ሂጂ አልናት። እንዳይፈስባት እየተጠነቀቀች ሄደች። «እንዴት ሄደች?» ብለን ጠየቅን። «ሱታ!» አሉ ባንድ ድምፅ፣ በአፋን ኦሮሞ። ያን ጊዜ ነው የገባን። ነገሩ አላቸው፤ የሌላቸው የአማርኛው ስም ብቻ ነው። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ ወዲህ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ የተደረገውም ልጅ ካለው ነገር እንዲነሳ ነው። እኛ ደግሞ ባዶ ዕቃ የምንሞላ መስሎን ነበር።

ከዚያ በኋላ በሁለቱ ቋንቋዎች እያነጻጸርን ሄድን። ተውሳኩ በሁለቱም ከግሱ በፊት ስለሚመጣ ቦታው አላስቸገራቸውም። ያስቸገራቸው ሌላ ነው። «ቀስ ብሎ መጣሁ» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ «ሱታ» ለእኔም ለእሷም ለእነሱም ያው «ሱታ» ነው። የአማርኛው «ቀስ ብሎ» ግን ከባለቤቱ ጋር ይለዋወጣል፤ ቀስ ብዬ፣ ቀስ ብለሽ፣ ቀስ ብላ። እርማት ብቻ ቢሆን ልጆቹን ባሰለቸን ነበር። መፍትሔውም ያገኘነው ከዚያው ከቤታቸው ቋንቋ ነው። እሱ ፈጥኖ ሲመጣ «ደፌ» ይባላል፤ እሷ ስትሆን «ደፍቴ»፣ እኛ ስንሆን «ደፍኔ»። ይኸው ፈጥኖ፣ ፈጥና፣ ፈጥነን! አንድ ልጅ ይህን ሲሰማ «እንደኛው ነው!» ብሎ ጮኸ። ስለዚህ አሁን የማይለዋወጡትን እናስቀድማለን፤ ቶሎ፣ ገና፣ እንደገና፣ በቀስታ፣ በጥንቃቄ። የሚለዋወጡት ኋላ ይመጣሉ፤ ሮጣ መጣች፣ እየሳቀ ገባ፣ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ጆጉ ግን ሁልጊዜ አለ። ውሃው የፈሰሰበት ልጅ እንዴት እንደፈሰሰበት ይናገራል፤ ሳቁ የሚደምቀውም ያኔ ነው።

አንድ ያላሰብነው ነገርም አገኘን። ለአንድ ሳምንት ያህል እኛ ራሳችን በቤታችን ለልጆቻችን የምንላቸውን ተውሳኮች ለመስማት ተስማማን። ለሴቶቹ ልጆች «ቶሎ ቅጂ»፣ «ዝም ብለሽ ተቀመጪ»፣ «ቀስ ብለሽ ተናገሪ» እንላለን። ለወንዶቹ «ጮክ ብለህ ንገረን»፣ መኪና መንገዱን ሲሻገሩ ደግሞ «ተጠንቅቀህ ተሻገር»። ለሴት ልጇ «ጮክ ብለሽ» ያለች ከመካከላችን አልተገኘችም። ሴቶቹስ ያንኑ የሐዋሳውን መንገድ አይሻገሩም? በዚህ ላይ ተከራክረናል። «ልጅቷ ጨዋ ትሁን እንጂ» ያሉ ታላላቆቻችን አሉ፤ አሁንም ይላሉ፤ እናከብራቸዋለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ያየነውን ጮክ ብለው የሚነግሩን ሴቶቹ ልጆች እንዲሆኑ አድርገናል። በክሊኒኩ በር ላይ ድምፅዋ የጠፋው እናት የኛው እህት ናትና።

ደጋፊዎቻችን፣ የላካችሁልን ደብተርና እርሳስ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን። የጎደለን ጣሪያ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ከዛፉ ሥር ይበትነናል፤ ስድስትና ሰባት ቆርቆሮ ቢገኝ ቋሚውን እኛ እናቆማለን።

እናቶች ደግሞ፣ ልጃችሁ «መጣሁ» ሲል «እንዴት መጣህ?» በሉት፤ በፈለጋችሁት ቋንቋ። መልሱ «በእግሬ» ቢሆንም አትለፉት፤ እንደገና ጠይቁት።

ቡናው እስኪፈላ ልጆቹ ጆጉን ሞልተው ይገባሉ። ከፊት ያላችሁ እግራችሁን ሰብሰብ አድርጉላቸው።