ከቀለሙ በፊት ዝገቱ ይፋቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ዛሬ ለትምህርታችን የምንወስደው ምሳሌ ከእጅ ሥራ የተገኘ ነው። ይኸውም ካራቫን የሚባለውን ያረጀ ተጎታች የብረት ቤት ውጭውን በእጅ እንደ ገና የመቀባት ሥራ ነው። እንዲህ ያለው ባለ ጎማ ቤት በመንገድ ሥራ ሰፈር ለሠራተኞች ማደሪያ ይሆናል፤ ሥራው ወደ ፊት ሲገፋ እርሱም እየተጎተተ ይከተላል። ዛሬ እዚህ ያድራል፤ ነገ ሌላ ስፍራ ነው።

ይህ ቤት ዓባይና በሽሎ በሚያዋስኑት በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፥ በመካነ ሰላም አካባቢ እንደ ቆመ እናስብ። ከተማዪቱ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የቀኑ ፀሐይ ቀለሙን ያደርቀዋል፤ የሌሊቱ ቁር ብረቱን ያኮማትረዋል። ብረቱ ቀን ሲሰፋ ሌሊት ሲጠብብ የደረቀው ቀለም ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም የክረምቱ ዝናም ይገባል። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥሩ ገፍቶ ያነሣዋል። በውጭ የሚታየው ጥቂት እብጠት ነው፤ ከሥር ግን ብረቱ እየተበላ ነው።

ሰነፍ ቀቢ በዝገቱ ላይ አዲስ ቀለም ይደርባል። ቤቱም ለአንድ በዓል ያምራል፤ ክረምት ሲመለስ ግን አዲሱ ቀለም ከዝገቱ ጋር ተልጦ ይወድቃል። ብልህ ቀቢ እንዲህ አያደርግም። በጋውን ይጠብቃል፤ ጠዋት ጤዛው እስኪደርቅ ይታገሣል። የላላውን ቀለም በመፋቂያ ያነሣል፤ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፤ እድፉን በሳሙና አጥቦ ያደርቃል። ከዚህ በኋላ አስቀድሞ የዝገት መከላከያውን፥ ቀጥሎም ቀለሙን በስሱ ይቀባል፤ ሲደርቅም ይደግማል። ሲፍቅም መዳፉን በብረቱ ላይ እያሳለፈ ይመረምራል፤ ዓይን ያለፈውን ጣት ያገኘዋልና።

ምእመናን ሆይ፤ ይህ መፋቅ የንስሐ ምሳሌ ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ግብዞችን የገሠጸው ውጫቸው በኖራ አምሮ ውስጣቸው አጥንት በሞላበት መቃብር መስሎ ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤልም በምዕራፍ 13 ደካማ ቅጥር ሠርተው በማይረባ ጭቃ የሚመርጉትን ሰዎች ይወቅሳል፤ ዝናሙና በረዶው ይጥለዋልና። የወሎ ገበሬ ይህን ያውቃል፤ ጭድ ባልገባበት ጭቃ ቤቱን የሚመርግ የለም።

እንግዲህ የውጭው ከንቱ ነውን? አይደለም። ኖኅ መርከቡን በቅጥራን የቀባው ከውስጥም ከውጭም ነው። በምድረ በዳ ከስፍራ ወደ ስፍራ ትጓዝ የነበረችው ደብተራ ኦሪትም ውስጧ ያማረ መጋረጃ፥ ላይዋ ግን ዝናምና ፀሐይ የሚመልስ የቁርበት መደረቢያ ነበራት። በአጎራባቹ ሳይንት የምትገኘው ተድባበ ማርያም በአበው ትውፊት መሥዋዕተ ኦሪት ይቀርብባቸው ከነበሩት ጥንታውያን ቦታዎች አንዷ ናትና፥ ይህ ሥርዓት ለአገሩ ሰው እንግዳ አይደለም። ጾማችን፥ ስግደታችን፥ ነጭ ነጠላችንም የነፍስ መደረቢያ ናቸው። ነቀፋው በመቀባት አይደለም፤ በዝገት ላይ በመቀባት ነው።

በድንበር ምክንያት ከጎረቤታችን ተኳርፈን ስንት ጾም ገድፈናል? ስንት በዓልስ አክብረናል? ቂም በቀለም ሥር የሚበላ ዝገት ነው። ጌታችን በማቴዎስ ምዕራፍ 5 መባችንን በመሠዊያው ፊት ትተን አስቀድመን ከወንድማችን እንድንታረቅ አዝዞናል። ስለዚህ ለመጪው በዓል ልብሳችንን ከማጠባችን በፊት ሽማግሌ እንላክ፤ የበደልነውን እንካስ፤ ለንስሐ አባታችንም ሳንሸሽግ እንናዘዝ። መካነ ሰላም ማለት የሰላም ስፍራ ማለት ነው፤ ይህ ስም በልባችን ካልተገኘ በደጃችን ቢጻፍ ምን ይጠቅመናል?

«ነገ ለሚሄድ ቤት ይህ ሁሉ ድካም ስለ ምን ነው?» የሚል ይኖራል። ቅዱስ ጳውሎስ ሥጋችንን በድንኳን መስሎታል፤ በእርግጥም እንግዶች ነን። ነገር ግን ቤቱ የሚያፈስስበት መንገደኛ ካሰበበት ሳይደርስ በመንገድ ይበሰብሳል። የምንነሣበትን ቀን አናውቅምና በጋው ሳያልፍ ዝገታችንን እንፋቅ።

አምላካችን የንስሐ ዕድሜ ይስጠን፤ ለአገራችን ሰላሙን ያውርድልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።