ከሊስትሮው ሣጥን ጀርባ እቁብ ነበር

 

ዛሬ የማወራችሁ በልጅነታቸው ሥራ ጀምረው ስለተሳካላቸው ሰዎች ነው። ይህን ስል አንዳንዶቻችሁ ወደ ሌላ ነገር ለማለፍ እንደምትቸኩሉ አውቃለሁ፤ አይፈረድባችሁም። «በ22 ዓመቱ ሚሊየነር የሆነው ወጣት» የሚል ቪዲዮ በቀን አሥር ጊዜ ይመጣባችኋል። ልጁ መኪና ተደግፎ ይቆማል፣ «ከዜሮ ነው የተነሳሁት» ይላል፣ ሙዚቃው ይቀጥላል። አይታችሁ ስትጨርሱ ከመነቃቃት ይልቅ «እኔን ምን ነካኝ?» ብላችሁ የምትቆዝሙ ትበዛላችሁ።

እኔ የምለው፣ ይሄ «ከዜሮ» የሚባለው ነገር እኛ ጋ እውነት ሆኖ አያውቅም።

አባቶቻችንን እንይ። የጉራጌ ልጅ በአሥር በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከቤቱ ወጥቶ አዲስ አበባ ይገባል። የሊስትሮ ሣጥን ይዞ ወይም ሱቅ በደረቴ አንግቶ ይጀምራል፤ ከዓመታት በኋላ መርካቶ ውስጥ ሱቅ ይኖረዋል። ማህሙድ አህመድ እንኳ መርካቶ ተወልዶ በልጅነቱ ጫማ ጠርጓል፤ ኋላ በዘፈን ገንኖም ፒያሳ ላይ የራሱን የሙዚቃ ሱቅ ከፍቶ ይሠራ ነበር። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በሠርግ በለቅሶው ይወራል። የማይወራው ሌላ ነው። ያ ልጅ የመጀመሪያዋን ሌሊት ማን ቤት አደረ? ሣጥኑን ማን ገዛለት? የቀለሙንና የብሩሹን ማን በዱቤ ሰጠው? የአጎቱ ልጅ ነው፣ የመንደሩ ሰው ነው፣ ቀድሞት የገባ ነው። ልጁ ሳንቲም አልያዘም እንጂ ዜሮ አልነበረም። የአባቱን ስም ይዞ ነው የገባው።

ደግሞ ነገሩን አናስውበው። በረንዳ ላይ ብርድ የመታው፣ ትምህርቱን ያቋረጠ፣ ሣጥኑን እንደያዘ ያረጀም ብዙ ነው። እኛ የምንቆጥረው ፎቅ የሠሩትን ብቻ ነው። ዛሬ የ12 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ጫማ ይጥረግ የሚል ካለ አልስማማም። ከዚያ ዘመን የምንወስደው ሣጥኑን ሳይሆን ከሣጥኑ ጀርባ የነበረውን ነው።

እሱም እቁብ ነው። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። መሬት አስይዝ፣ ካርታ አምጣ የሚል የለም፤ መያዣው ሰው ነው። ብር በጣም የቸገረው ደግሞ ዕጣ ከደረሰው ሰው ላይ ትንሽ ጨምሮ ዕጣውን ይገዛል። ይሄ ባንክ ነው፣ ሕንጻ የሌለው ባንክ። ነጋዴዎቻችን በ1950ዎቹ ገንዘብ አዋጥተው የመንገድ ሥራ ድርጅት ሲያቋቁሙም በዚሁ መተማመን ነው። ቡታጅራ ያላችሁ፣ ከዓለምገና ወደ ሶዶ የሚወርደው መንገድ ሲጀመር የማን መዋጮ እንዳለበት ትልልቆቹን ጠይቁ።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ፤ ባፍርበትም።

ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን እቁብ ገባን። 20 ሰው፣ በየ15 ቀኑ 2,000 ብር። በሦስተኛው ዙር ታኅሣሥ ላይ ዕጣው ለእኛ ወጣ፤ 40,000 ብር። ዋሳችን አክስቴ ነበረች። በብሩ የማረቆ ዛላ በርበሬ ገዛን። ሐሳባችን ቀላል ነበር፦ በርበሬ በመኸር ይረክሳል፣ ክረምት ሲቃረብ ይወደዳል፣ አስቀምጦ መሸጥ ነው። ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጠቅጥቀን፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ ደርድረን ዘጋንበት። ሚያዝያ ላይ ስንከፍተው ግማሹ ሻግቷል። ስንገዛው በደንብ አልደረቀም ነበር፤ አንዳንዱ ሻጭ ሚዛን እንዲያነሳ ውኃ እንደሚረጭበትም ያኔ ነው የሰማነው። የምንከፍለው ገና ዘጠኝ ዙር፣ 18,000 ብር ቀርቶናል።

አንደኛው ጓደኛችን «የሻገተውን ከደህናው ጋር ቀላቅለን እናስፈጨው፣ ዱቄት ከሆነ ማን ያውቃል?» አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ለሁለት ቀን አስቤበታለሁ። የሻገተ በርበሬ መርዝ ነው፤ አፍላቶክሲን የሚባለው ቢፈጭም ቢቁላላም አይጠፋም፣ ጉበት ነው የሚጎዳው። እኔን ግን የመለሰኝ ይሄ ብቻ አልነበረም። አክስቴ በእኛ ስም ፈርማለች። ቡታጅራ ትንሽ ከተማ ናት፤ የማን በርበሬ እንደሆነ ይታወቃል።

የሻገተውን ጣልነው። እቁቡ ዳኛ ዘንድ ሄደን የሆነውን ተናገርን። ተቆጡን፣ በደንብ ተቆጡን። ከዚያ ቀን ሠርተን እየከፈልን ዙሩን ጨረስን። አንድ ዙር አልዘለልንም። የገረመኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ከእቁቡ አባላት አንዱ ሽማግሌ ነጋዴ በሚቀጥለው መኸር ጠሩንና በርበሬ በዱቤ ሰጡን። «ከስራችሁ አለመጥፋታችሁን አየሁ» ነው ያሉን። ዛላውን ስትነቀንቁት ፍሬው ካልተንኳኳ አትግዙ፣ ከወለል ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ ላይ አስቀምጡ፣ ነፋስ ይግባበት፣ ተቀንጥሶና ተለቅሞ ሲፈጭ ስንት ኪሎ እንደሚቀንስ ሳታውቁ ዋጋ አትቁረጡ ያሉንም እሳቸው ናቸው። ይሄን ትምህርት በየትኛውም ቪዲዮ አላገኘሁትም።

አዲስ አበባ ያለች እናት በርበሬ ስትገዛ የምትፈራው ውዱን አይደለም፤ የሸክላ ዱቄት የተቀላቀለበትን ነው። ስለዚህ የቡታጅራ ልጅ ሊሸጥ የሚችለው ትልቁ ነገር ኮረሪማውም በሶብላውም ሳይሆን «ይሄ የእገሌ ነው» የሚል እምነት ነው። ቡላም እንደዚያው። እናቶቻችን እንሰት ፍቀው፣ ጨምቀው፣ አብላልተው የሚያወጡት ነጩ ቡላ ከተማ ሲደርስ የማንም ስም የለበትም። ትርፉም ለእነሱ አይደርስም። እህቶቼ፣ ይሄን ሥራ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ በንጽህና ደርቆ፣ ታሽጎ፣ የመንደሩ ስም ተጽፎበት ቢወጣ ምን ይጎድለዋል?

ወልቂጤ ደግሞ ሌላ ምሳሌ አላት። ኢዘዲን ካሚል በ2012 ኮሮና ሲገባ የ18 ዓመት ልጅ ነበር። ሳይነኩት ሳሙና የሚሰጥ መሣሪያ ሠራ፣ የመተንፈሻ ማገዣም ሞከረ፤ የዓለም ዜና ማሰራጫዎች ሳይቀሩ ስለ እሱ አወሩ። ያን ጊዜ ከ30 በላይ ፈጠራዎች እንደነበሩት ተዘግቧል። ሁላችንም ፎቶውን አጋራን፣ «የእኛ ልጅ» አልን። ጥሩ ነው። ግን አንድ ዕቃ አንድ ጊዜ ሲሠራ ፈጠራ ነው፤ መቶ ጊዜ ሲሠራና መቶ ሰው ሲገዛው ነው ንግድ የሚሆነው። በመሃል ብረት መግዣ አለ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ አለ፣ ቀድሞ ትዕዛዝ የሚሰጥ ደንበኛ አለ። እኛ ሰጪ የነበርነው ላይክ ነው። ለመስቀልም ለአረፋም ወደ አገር ቤት ስንገባ ለበሬው የምንከፍለውን አስቡትና፣ ከዚያ ሲሶው ለአንድ ወርክሾፕ ቅድሚያ ክፍያ ቢሆን?

ብድሩስ? ትሉኛላችሁ። መንግሥት በ2009 የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ አቋቁሞ ነበር። ያየሁትን ልናገር፦ ለብድሩ ሲባል ብቻ የተደራጁ፣ ከዚያ በፊት አንድ ቀን አብረው ሠርተው የማያውቁ ልጆች ብሩ ሲገባ ተጣሉ። አንዱ ሥራ ላይ ሲውል አንዱ ሞተር ሳይክል ገዛ። ብሩ አነሰ አልልም። የተገላቢጦሽ ነው የሆነው፤ አባቶቻችን መጀመሪያ ተማምነው ነበር ብር ያዋጡት።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ስልካችሁን ክፈቱና የአምስት ሰው ስም ጻፉ። ዋስ ሁነኝ ብትሉት የሚሆናችሁ፣ እናንተም የምትሆኑት ሰው። አምስት ካልሞላ ሦስት ጻፉ። ከዚያ በ500 ብርም ቢሆን እቁቡን ጀምሩ፤ ዳኛ ሹሙ፣ ጸሐፊ ሹሙ፣ ብሩን ባትነኩት እንኳ ለስድስት ወር ማን በቀኑ እንደሚከፍልና ማን ስልኩን እንደሚያጠፋ ትለያላችሁ። ቡታጅራ ያላችሁ ደግሞ፣ አዲሱ ዛላ ገበያ ሲገባ ከመግዛታችሁ በፊት ነቅንቁት።