መጀመሪያ የሚንኳኳው በር

ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ኅብረተሰቡን ለማስተማር የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች በተመረቁበት ዕለት፣ በክብር እንግድነት የተጋበዙ ጡረታ የወጡ ነርስ ያደረጉት ንግግር



ዕድሜዬን የጨረስኩት በነርስነት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በድንገተኛ ክፍል። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፣ ተመራማሪም አይደለሁም። እናንተ የተሰማራችሁበት ሥራ ሳይሠራ ሲቀር ማን እንደሚመጣ ግን በሌሊት በር ላይ ቆሜ ተቀብያለሁ። ስለዚህ ዛሬ ላመሰግናችሁ ስነሣ ምስጋናዬ ለወግ ያህል አይደለም።

ሰው አዳልጦት ሲወድቅ መሬቱን የሚመክተው በመዳፉ ነው፤ አጥንቱ ከተሰበረም አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው የእጁ አንጓ አካባቢ ነው። ፊቱን ከዱላ ለመከላከል ክንዱን ያነሣ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው ከአንጓው ከፍ ብሎ፣ ክንዱ መሃል፣ በትንሿ ጣት በኩል ያለው አጥንት ነው። ይህን በድንገተኛ ክፍል የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ አንዲት ሴት ክንዷን በነጠላዋ አንጠልጥላ ትገባለች። ባሏ አብሯት አለ። "ምን ሆነሽ ነው እናቴ?" ስላት እሷ አፏን ሳትከፍት እሱ ይቀድማል፤ "ደረጃ ላይ ወድቃ ነው።" እሷ ወለሉን እያየች "አዎ" ትላለች። ካርዱ ላይ "ወድቃ" ተብሎ ይጻፋል። ክንዷ በጀሶ ታስሮ ወደዚያው ቤት ትመለሳለች። ሌላ ጊዜ ስትመጣ ካርዷ ከመዝገብ ክፍል ይወጣና ሌላ "ወድቃ" ይታከልበታል። አንድ ቀን መሯት ፖሊስ ጣቢያ ብትሄድ፣ ፖሊስም የሕክምና ማስረጃ ቢጠይቅላት፣ ካርዱ የሚመሰክርላት ያንኑ ቃል ነው።

ያቺ ሴት እውነቱን እንድትናገር ባሏን በረንዳ ላይ አስቀምጦ መጋረጃውን መዝጋት ብቻውን አይበቃም። እንዲህ ያለ ነገር እንደሚነገር፣ የሚነገርለትም ሰው እንዳለ፣ አስቀድሞ የነገራት ሰው ያስፈልጋል፤ በቡና ላይ ይሁን፣ በልጇ ትምህርት ቤት ይሁን፣ በሬዲዮ ይሁን። ያንን ሰምታ የመጣች ሴት "ማን ነው?" ብዬ ስጠይቃት ትንሽ ዝም ብላ ትናገራለች። ሰምታ የማታውቅ ከሆነች ግን የእኔም ጥያቄ ሌላ ፍርሃት ይሆንባታል። ሴቶችና የሕግ ሰዎች ነገሩን ወደ አደባባይ ባወጡባቸው ዓመታት ለውጡን ከዚያ መጋረጃ ጀርባ ሆኜ አይቻለሁ። "ወድቄ ነው" ሲሉን የነበሩት "ባለቤቴ ነው" ማለት ጀመሩ። ካርዱም እውነቱን መያዝ ጀመረ።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ራሱን የቻለ መጠይቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተካቶ ነበር። ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው፣ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች መካከል 34 በመቶው ከትዳር አጋራቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ሥነ ልቦናዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናገሩ። እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 በመቶው እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። እርዳታ የጠየቁት 23 በመቶ ብቻ ናቸው። እነሱስ የት ሄዱ? በብዛት የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ራሳቸው ቤተሰብ ነው። ፖሊስ፣ ሐኪም፣ ጠበቃ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

የእናንተ ክብር ያለው እዚህ ላይ ነው። የተደበደበች ሴት መጀመሪያ የምታንኳኳው የጎረቤቷን በር ነው፤ ከበሩ ወዲያ የምትሰማው የመጀመሪያው መልስም ቀሪ ሕይወቷን ሊወስን ይችላል። "ቻይው፣ ትዳር እኮ ነው።" "ለልጆችሽ ስትይ።" "ገመናሽን አታውጪ።" ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ፣ "ምን አድርገሽው ነው?" ይህን የሰማች ሴት ሁለተኛ በር አታንኳኳም። እናንተ በየቀበሌውና በየመንደሩ እየዞራችሁ የምትለውጡት ይህን መልስ ነው። "ግቢ፣ ተቀመጪ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ምን እንድናደርግልሽ ትፈልጊያለሽ?" የሚል ጎረቤት በአንድ ሰፈር ውስጥ መኖሩ፣ እመኑኝ፣ የሰው ሕይወት ያተርፋል።

በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ሴቶች፣ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ ወይ ተብለው ተጠይቀው ነበር። ምግብ ብታሳርር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ልጆቹን ችላ ብትል፣ ከእሱ ጋር መተኛት ባትፈልግ። ቢያንስ በአንዱ ምክንያት "አዎ፣ ተገቢ ነው" ያሉት ሴቶች 85 በመቶ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 63 በመቶ ወርዷል። በዚያው ዓመት ከተጠየቁት ወንዶች ግን "ተገቢ ነው" ያሉት 28 በመቶ ናቸው።

63 እና 28ን ጎን ለጎን ሳይ ያመኛል። ወንዶቹ የተሻሉ ናቸው ብዬ አልደመድምም፤ በጥያቄ ፊት መልካሙን መልስ ማወቅና ማታ ቤት ሲገቡ እጅን መሰብሰብ ይለያያሉ። የሚያመኝ ዱላው ያረፈባት ራሷ ዱላውን ትክክል ነው እንድትል ሆና ማደጓ ነው። እናቶቻችን "ቻይው" ያሉን ስለማይወዱን አልነበረም። የምንመለስበት ቦታ እንደሌለ ስለሚያውቁ ነበር። ቤቱና መሬቱ የባል ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ራሱ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ አድርጎ ሚስትን እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር። መሄጃ የሌላት እናት ለልጇ ያላት መድኃኒት መቻልን ማስተማር ብቻ ነበር። ስለዚህ ነገ ሰፈር ውስጥ "ባል ካልመታ ምኑን ወደደ" የሚሉ አሮጊት ሲገጥሟችሁ አትቆጧቸው። ቁጭ ብላችሁ ስለ ራሳቸው ትዳር ጠይቋቸው፤ ብዙውን ጊዜ ከማንም በፊት የሚያለቅሱት እሳቸው ናቸው።

ያ ሕግ በራሱ ጊዜ አልተለወጠም። በእነ ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለተጠቁ ሴቶች በነፃ እየቆመ፣ ሕጉ እንዲሻሻል በየመድረኩ ሲሟገት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን በትዳር ውስጥ እኩል አደረገ፤ የጋብቻ ዕድሜንም 18 ዓመት አለ። በ1996 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀል ሕግ ደግሞ በትዳር አጋር ላይ የሚፈጸም ጥቃትን በአንቀጽ 564 ለይቶ ጠቀሰው። መናገር ዋጋ አስከፍሏቸዋል። በ1993 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ በተደጋጋሚ የተጠቃች አንዲት ሴት የሕግ ጥበቃ እንዳላገኘች በአደባባይ ከተናገሩ በኋላ፣ ማኅበሩ ታግዶ ነበር። እገዳው ከሳምንታት በኋላ ተነሣ፤ እነሱም ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ወ/ሮ መዓዛ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሲሆኑ እኛ ነርሶች በየክፍላችን እልል ብለናል።

ከከምባታ ምድር የወጡትን ዶ/ር ቦጋለች ገብሬንም ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። እሳቸው የታገሉት በተለይ የሴት ልጅ ግርዛትንና ጠለፋን ነው፤ የሥራቸው መንገድ ግን ለእናንተ በቀጥታ ይሆናል። ወደ ትውልድ አገራቸው ሲመለሱ ሕዝቡን ገና ሳያስተምሩ ምን እንደሚፈልግ ጠየቁት። ሕዝቡ የፈለገው ድልድይ ነበር፤ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ሰዉም ገበያ የሚሻገርበት። ድልድዩን አሠሩ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌውም፣ ወጣቱም፣ ገራዧም፣ የሃይማኖት አባቱም ተቀምጠው የሚነጋገሩበትን የማኅበረሰብ ውይይት ዘረጉ። ከውጭ የመጣ ትእዛዝ ሳይሆን ሰዉ ራሱ መክሮ የደረሰበት ውሳኔ ስለነበር ጸና። በ2012 ዓ.ም. ዶ/ር ቦጋለች ሲያርፉ በከምባታ ያልተገረዘች ልጅ ማግባት ነውር መሆኑ ቀርቶ ነበር። እናንተም ስለ ዱላ ለመናገር ወደ አንድ መንደር ስትገቡ መንደሩ መጀመሪያ የሚያሳስበው የውኃ ጉዳይ ከሆነ፣ ከውኃው ጀምሩ። ጊዜ የባከነ እንዳይመስላችሁ።

ወ/ሮ ማሪያ ሙኒር ደግሞ ዳኛ የነበሩ ሰው ናቸው። ችሎት ፊት የቀረበች ሴት ከውሳኔው በኋላ ማታ የት ታድራለች የሚለው ጥያቄ መልስ ያስፈልገው ስለነበር፣ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርን አቋቁመው መጠለያ ከፈቱ። የሴታዊት ንቅናቄ ወጣቶችም አለኝታ የሚል የስልክ መስመር ዘርግተው የሚያዳምጥ ጆሮ አቅርበዋል። የሁሉንም ስም ልጥራ ብል ይመሻል።

አሁን ደግሞ ስለ እናንተ ድካም ልናገር። "ቤት አፍራሽ" እንደተባላችሁ አውቃለሁ። ከመካከላችሁ አንዷ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቅድም እንደነገረችኝ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ወተት ሊቀዳላት ጣሳ ተነሥቶ፣ የመጣችበትን ጉዳይ ስትናገር ጣሳው ወደ ጓዳ ተመለሰ። መምህራኑን "ልጆቻችንን በእኛ ላይ አነሣሣችሁ" ብለዋቸዋል። የዕድር ዳኞቻችንንም "ሴት አስመሰሏችሁ" ብለዋቸዋል። ይህን ሁሉ ችላችሁ ነው እዚህ የደረሳችሁት። ቤትን የሚያፈርሰው ዱላ ነው፤ እናንተ የመጣችሁት ሰው እንዳይሞትበት ነው።

አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በብዙ አገሮች ባስጠናው ጥናት፣ በቡታጅራ ገጠር ከትዳር ወይም ከፍቅር አጋራቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች 71 በመቶ መሆናቸው የተገለጸው በ1998 ዓ.ም. ነው። ጥናቱን እንዴት እንደሠሩት ተመልከቱ። ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ትጠየቃለች፣ ብቻዋን ሆና። ለሰፈሩ የሚነገረው የሴቶች ጤናና የሕይወት ልምድ ጥናት እንደሆነ ነው። በመሃል ሰው ከገባ ጠያቂዋ ወሬውን ትለውጣለች። ይህን ልምድ ውሰዱ። በእናንተ ቅንነት ምክንያት ማታ ሌላ ዱላ የሚያርፍባት ሴት መኖር የለባትም። በስብሰባ ላይ "እንትና ምስክር ናት" ብላችሁ ስም አትጥሩ። በባሏ ፊት አትጠይቋት። መውጣት ካልፈለገች አታስገድዷት፤ ሴት ለመለያየት በምትነሣበት ሰሞን አደጋው ይበረታል፣ ቀኑንም ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

የዕድር ዳኞች አባቶቼ፤ ዕድራችን ሰው ሲሞትብን ድንኳኑንና ወንበሩን ይዞ ሳይጠራ ይደርሳል፣ ክበሩልን። ሴት ልጅ በሕይወት እያለች ጩኸቷ ሲሰማም እንዲደርስ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሩ። ሽምግልና ትልቅ ሀብታችን ነው። ነገር ግን ደም የፈሰሰበትን፣ አጥንት የተሰበረበትን ጉዳይ "ይቅር ተባባሉ" ብሎ ጉልበት አስሞ መመለስ ወንጀልን መሸፈን ነውና፣ እንዲህ ያለው ሲመጣ ወደ ሕግ ምሩት።

ክቡራን ኃላፊዎች፤ እነዚህ ሰዎች ሲያስተምሩ የሚናገሩ ሴቶች ይበዛሉ። ተናግረው የሚሄዱበት ከሌለ እኛ አታለልናቸው ማለት ነው። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው፣ ሕክምናውን፣ ፖሊሱን፣ ዐቃቤ ሕጉንና የምክር አገልግሎቱን በአንድ ጣሪያ ሥር የያዘ ማዕከል ሩቅ ወረዳ ላለች ሴት የሚደረስበት አይደለም። መጠለያዎቻችን ጥቂት ናቸው፣ አብዛኞቹም በበጎ አድራጊዎች ትከሻ ላይ ናቸው። የወንጀል ሕጋችን አስገድዶ መድፈርን ከጋብቻ ውጭ በሚፈጸመው ብቻ ወስኖ አስቀምጦታል፤ ይህ መስተካከል አለበት። በየዓመቱ ከኅዳር 16 እስከ ታኅሣሥ 1 በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ለመቃወም ነጭ ሪባን ደረታችን ላይ አድርገን የምንናገረው ንግግር፣ ታኅሣሥ 2 ቀን ለአንዲት መጠለያ የቤት ኪራይ በጀት ካላስያዘ ለእነዚህ ተመራቂዎች ምን ብለን እንመልሳለን?

የምስክር ወረቀቱን ለመስጠት ስማችሁን ስንጠራ፣ አብረዋችሁ የመጡት የትዳር አጋሮቻችሁና ልጆቻችሁ እንዲነሡልኝ እለምናለሁ። ስብሰባው ሲመሽ ራት አዘጋጅተው የጠበቁ፣ "ሚስትህን ለቀቅካት ወይ?" እየተባሉ ሲሾፍባቸው ከጎናችሁ የቆሙ እነሱ ናቸው። ጭብጨባው የእናንተም የእነሱም ይሁን።