ውሃው ከላይ ይመጣል፦ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ስለሚከፈት መስኮትና ስለ ዳር መሸፈኛው



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ጠባብ ጉዳይ ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ተቆርጦ መስኮት ሲገባበት በመስኮቱ ዙሪያ ስለሚታጠፈው ላሜራ። ባለሙያዎቻችን «ፍላሺንግ» ይሉታል፤ እኔ የዳር መሸፈኛ እያልሁ እጠራዋለሁ።

ጉዳዩ እዚህ መካነ ሰላም ላይ መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በቦረና፣ በሳይንት፣ በወግዲና በለጋምቦ ደጋዎች ያደግን ሰዎች የሳር ቤትን እናውቀዋለን። ቤቱ ጨለማ ነበር፤ ጭሱ ግን በሳሩ መካከል ሰርጎ ይወጣ ነበር። ቆርቆሮ ሳሩን ሲተካ ዝናቡ በእጅጉ ተገታ፤ ጭሱና ጨለማው ግን ውስጥ ቀሩ። ጣሪያን የመብሳት ፍላጎት የመጣው ከዚህ ነው።

እኔም በሳሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ዶክትሬቴን ይዤ በተመለስሁ ማግስት፣ በእናቴ ቤት ጣሪያ ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ መስኮት አስገባሁ። ከጣሪያው ጫፍ አራት ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ልክ ከምድጃው በላይ ነበር። የላይኛውን ላሜራ በነባሩ ቆርቆሮ ላይ አጋድሜ በሚስማር መታሁት፤ ክፍተቱን በሲሚንቶ ደፈንሁት። እስከ ሰኔ ድረስ የጎረቤት ሰው ሁሉ እየመጣ ያደንቅ ነበር። ሐምሌ ሲገባ በአንድ ሌሊት ዝናብ ውሃው በላሜራው ሥር ገብቶ በወራጁ እንጨት ተጉዞ ከጎታው ላይ ወረደ። ለዘር የተቀመጠው ገብስ በቀለ። እናቴ አልተቆጣችኝም፤ «ድፈንልኝ» ብቻ አለችኝ። ደፈንሁት፤ እሷም ወደ ጨለማዋ ተመለሰች።

ስህተቴ ምን ነበር? ያን ጊዜ ያላሰላሁትን አሁን አብረን እናስላ። ከመስኮቱ በላይ ያለው ጣሪያ አራት ሜትር ርዝመት፣ መስኮቱም አንድ ሜትር ስፋት ካለው፣ የአራት ካሬ ሜትር ዝናብ ወደ መስኮቱ ላይኛ ጠርዝ ይወርዳል። 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 120 ሊትር፣ ማለትም ስድስት ጀሪካን ውሃ ነው። መስኮቱ ከጣሪያው ጫፍ በግማሽ ሜትር ርቀት ላይ ቢሆን ኖሮ ግን 15 ሊትር ብቻ ይሆን ነበር። ስለዚህ የመሸፈኛ ምርጫ የሚጀምረው ከሱቅ ሳይሆን መስኮቱ ከሚቀመጥበት ቦታ ነው። ለጫፉ የቀረበ መስኮት ሌላም ጥቅም አለው፤ የላይኛውን ላሜራ ሳይቆራረጥ እስከ ጫፉ መክደኛ ሥር ድረስ መውሰድ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ውሃ የሚገባበት መጋጠሚያ አይኖርም።

ሁለተኛው ስህተቴ የአነባበር ቅደም ተከተል ነው። ሳር የሚከድን ሰው ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ የላይኛው ንብር ሁልጊዜ በታችኛው ላይ ይወድቃል። የዳር መሸፈኛም ሕጉ ይኸው ነው። በመጀመሪያ የታችኛው ላሜራ በቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፤ የጎኖቹ በታችኛው ላይ ይደረባሉ፤ የላይኛው በጎኖቹ ላይ ይደረብና የራሱ ላይኛ ጫፍ ከነባሩ ቆርቆሮ ሥር ቢያንስ አንድ ስንዝር ይገባል። ለዚህም የነባሩን ቆርቆሮ ሚስማር ነቅሎ ማንሣት ያስፈልጋል። ሥራው አሰልቺ ስለሆነ ብዙዎቻችን እናልፈዋለን፤ ቤቱ የሚያፈሰውም በአብዛኛው በዚያ በኩል ነው። የጎን ላሜራ ቢያንስ አንዱን የቆርቆሮ ጉብታ ተሻግሮ መታጠፍ አለበት። ሚስማር ውሃ በሚሄድበት ሸለቆ ላይ አይመታም፤ በጉብታው ላይ ነው የሚመታው። የመስኮቱ ክፈፍም ከቆርቆሮው በላይ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ቢል በረዶ ተከምሮ ሲቀልጥ ውሃው አይዘልቀውም። የደጋ ሰው በረዶን መርሳት የለበትም።

ስለ ሲሚንቶ አንድ ነገር ልበል። ብረት ይሳባል፤ ይኮማተራል። ስድስት ሜትር ርዝመት ያለው ቆርቆሮ በሌሊት ብርድና በቀትር ፀሐይ መካከል የ50 ዲግሪ ልዩነት ቢያገኘው ርዝመቱ በ3.6 ሚሊ ሜትር ይለዋወጣል። ሲሚንቶ ይህን እንቅስቃሴ አይከተልም፤ ይሰነጠቃል። ካትራሜም በፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሲሊከን የተሻለ ቢሆንም አቧራ ባለበት ቆርቆሮ ላይ አይጣበቅም። እነዚህ ሁሉ ረዳቶች ናቸው፤ ውሃን የሚመራው የታጠፈው ላሜራ ነው።

ላሜራውን ስትመርጡ የቆርቆሮውን ዘመድ ምረጡ፦ ለዚንክ ቅብ ቆርቆሮ ዚንክ ቅብ ላሜራ። ከመዳብ ላይ የሚወርድ ውሃ ዚንክን ስለሚበላ መዳብን ከላይ አታድርጉ። የጌጅ ቁጥር ሲጨምር ብረቱ እንደሚሳሳም አትርሱ፤ 35 ጌጅ ከ28 ጌጅ የሳሳ ነው። በርካሽነቱ ተገዝቶ በእጥፋቱ ላይ የተቀደደ ላሜራ ብዙ አይቻለሁ።

የውጭ አገር መስኮቶችን በተመለከተ፣ ዴንማርካዊው ቪሉም ካን ራስሙሰን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ ያስተዋወቀው የጣሪያ መስኮት፣ ዛሬ ቬሉክስ የምንለው፣ ከተዘጋጀ የዳር መሸፈኛ ጋር ይሸጣል። መደበኛው መሸፈኛ የሚሠራው 15 ዲግሪና ከዚያ በላይ ለሚያዘነብል ጣሪያ ነው፤ ይኸውም በአንድ ሜትር 27 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ማለት ነው። የእኛን ጣሪያ ሳይለኩ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። መሸፈኛው ለሞገዳማ ክዳን ነው ወይስ ለጠፍጣፋ የሚለውም አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ነገር ግን ለገበሬ ቤት ምን እመክራለሁ? እውነቱን ለመናገር፣ ብርሃን ብቻ ከተፈለገ መስኮት አልመክርም። የቆርቆሮውን ሞገድ የያዘ ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ እንደ ማንኛውም ቆርቆሮ ስለሚነባበር የዳር መሸፈኛ ጭራሽ አያስፈልገውም። በፀሐይ ቢጫ ይሆናል፤ ከሥሩ ጥላሸት ይይዘዋል፤ ጭስም አያወጣም። ጭሱ በጣሪያው ጫፍ ወይም በግድግዳው ላይኛ ክፍል መውጫ ይፈልጋል።

በእናቴ ቤት በመጨረሻ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ጣሪያው በሰሜን በኩል ባለው ተዳፋት አንድ ፕላስቲክ አስገባሁ፤ በበጋ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ ሙቀቱ ይቀንሳል። ከዝናቡ በፊት መሰላል ላይ ወጥቼ ውሃ አፈሰስሁበት፤ በመጀመሪያ ከታችኛው መጋጠሚያ ጀምሬ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየወጣሁ፤ እንዲህ ከተደረገ የሚያፈሰው መጋጠሚያ የትኛው እንደሆነ ይለያል። እናቴ ከታች ቆማ ጣሪያውን ትመለከት ነበር። አንድም ጠብታ አልወረደም። የዘር ጎታዋን ግን እስከ ዛሬ ከዚያ ሥር አላስጠጋችም።

ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።