የቤት ሕግና የማኅበራዊ አገልግሎት ቤቶች በቆቦና በራያ ቆላ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



መጠለያ ለሌለው ሰው ቤት መሥራት በአገራችን የጽድቅ ሥራ ተደርጎ ሲታይ የኖረ በመሆኑ፣ ሕግ የሚያገባው ጉዳይ አይመስልም። ለነፍሱ ብሎ ጎጆ የሚቀልስን ሰው «ለእገሌ ሰጥተህ ለእገሊት ለምን ነፈግህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ይሁን እንጂ ጎጆው አንድ መሆኑ ቀርቶ ሃምሳ ሲሆን፣ ሰጪውም ቸር ግለሰብ መሆኑ ቀርቶ ቀበሌ፣ ቅሬ ወይም የእርዳታ ድርጅት ሲሆን፣ ጥያቄው መነሣቱ አይቀርም። የዛሬው ንግግር የሚያተኩረውም በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው፤ በቤት ጉዳይ ሰውን ከሰው አታበላልጡ የሚለው ሕግ፣ ለተለየ ችግረኛ ብቻ ቤት የሚያቀርበውን ክፍል ሥራ እንዴት ይነካዋል?

ለጥያቄው ቆቦ መመረጧ ያለ ምክንያት አይደለም። ከወልዲያ በስተሰሜን፣ ወደ መቀሌ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠችው ይህች ከተማ ከየአቅጣጫው የተገፋ ሰው ሲጠጋባት የኖረች ናት። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ጊዜ የቆቦና የኮረም መጠለያዎች በሕዝብ ተጨናንቀው እንደነበር የሚዘነጋ የለም። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶም ጦርነት ደጋግሞ ገብቶባት ወጥቷል። በሚያዝያ ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከአላማጣና ከአካባቢው የተፈናቀሉ ሰዎች ወደ ቆቦና ወደ ሰቆጣ ጎርፈው ነበር፤ ቁጥራቸው ወደ 50 ሺሕ እንደሚደርስ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ በወቅቱ ገልጿል። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ቆይተው ተመልሰዋል። እንዲህ ያለ ሕዝብ በአንድ ሰሞን ሲገባ ግን ቤት ማከፋፈል የሚጀመረው የሕግ መጽሐፍ ተገልጦ አይደለም።

በአገራችን የቤት እኩልነት ሕግ ተብሎ ሊጠራ የሚችል የመጀመሪያው ታላቅ ሕግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 47 ነው። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ከለከለ፤ ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሆኑ፤ ኪራይም እንደ መጠኑ ተቀነሰ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለት ለቀበሌዎች፣ ሲሰጡ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተላለፉ። በዚህ አኳኋን ቀበሌ፣ ማንም በዚያ ስም ባይጠራውም፣ በአገሪቱ ትልቁ የማኅበራዊ አገልግሎት ቤት አቅራቢ ሆነ።

የአዋጁ መንፈስ ቅን ነበር፤ ውጤቱ ግን መሐንዲስ ሊያስተውለው የሚገባ ጉድለት ነበረበት። ኪራዩ ለዓመታት ከፍ ሳይል ሲቆይ የገቢው መጠን ከጥገናው ወጪ በታች ሆነ። ከጭቃና ከማገር የተሠራ ግድግዳ በየጥቂት ዓመቱ መመረግ፣ ቆርቆሮው መለወጥ፣ ምስጥ የበላው ምሰሶ መተካት አለበት። ተከራዩ ቤቱ የእርሱ አይደለምና አያድስም፤ ቀበሌው ገንዘብ የለውምና አያድስም። የቤት እኩልነት ሕግ የቤቱን ዋጋ ሲወስን የቤቱን ዕድሜ ካላሰበ፣ ለድኃው የሚደርሰው በላዩ የሚፈርስ ጣሪያ ነው። በተጨማሪም አዋጁ የጠቀመው በዕለቱ ቤት ውስጥ የነበረውን ተከራይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው፣ ለምሳሌ በረኀቡ ዘመን ከገጠር ተፈናቅሎ ከተማ የቀረው፣ ወረፋው ውስጥ እንኳ አልነበረም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ጉዳዩን በሌላ ቋንቋ ያነሣዋል። አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ሲደነግግ፣ አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ የቀሩ ሕፃናትን እንዲንከባከብ ያዝዛል። ሁለቱ አንቀጾች በአንድ መዝገብ ውስጥ ተቀምጠው የሚጣሉ ይመስላሉ፤ ግን አይጣሉም። ቤትን ለአረጋውያን ብቻ መስጠት ወጣቱን መናቅ አይደለም፤ የችግሩን ልክ መለካት ነው። በአንጻሩ ከሁለት እኩል ከተቸገሩ ባልቴቶች አንዲቷን በሃይማኖቷ ወይም በዘመዶቿ ምክንያት መምረጥ፣ ሰጪው በጎ አድራጊ ቢሆንም፣ አድልዎ ነው። ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ በሚጎራበቱባት በቆቦ ይህን ለመረዳት ብዙ ማስረዳት አያሻም።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤት እኩልነት ሕግ መጀመሪያ ዘርን፣ ቀለምን፣ ሃይማኖትንና የትውልድ አገርን የሚመለከት ነበር። በ1988 ሲሻሻል አካል ጉዳተኞችንና ልጆች ያሏቸውን ቤተሰቦች ጨመረ፤ በዚያው ማሻሻያ ግን ለአረጋውያን የተለዩ ቤቶች ልጆች ያሏቸውን ቤተሰቦች ባይቀበሉ እንደማይከሰሱ ደነገገ። በ1995 ደግሞ ከመጠጥና ከሱስ ያገገሙ ሰዎች በአንድነት የሚኖሩበትን ቤት ኤድመንድስ የምትባል ከተማ «ቤተሰብ አይደላችሁም፤ ቁጥራችሁም በዛ» ብላ ልትከለክል ስትሞክር፣ የከተማዋ ደንብ ከሕጉ ተጠያቂነት ነፃ እንዳልሆነ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወሰነ። ከሕጉ ይልቅ ለእኛ የሚጠቅመው የነገሩ አካሄድ ነው፤ እዚያ የእኩልነት ሕግ ለቤት አቅራቢው ጋሻ ሆኖት ተገኝቷል።

በአገራችን የሆነው ለጊዜው ተቃራኒው ነበር። በ2001 ዓ.ም. በወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 መሠረት፣ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት ስለ እኩልነትም ሆነ ስለ አካል ጉዳተኞች መብት መሥራት አይፈቀድለትም ነበር። ስለዚህም አንድ ድርጅት ለዓይነ ስውሩ ቤት መሥራት ይችላል፤ ዓይነ ስውሩ ቤት የማግኘት መብት አለው ብሎ መከራከር ግን አይችልም። አጥሩን አጥብቆ ቤቱን የረሳ ሕግ ነበር ማለት ይቻላል። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሯል።

አሁን ያለው አስቸጋሪ ነጥብ ሌላ ነው። በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም.፣ ማለት ተፈናቃዮቹ ቆቦ ከመድረሳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ጸደቀ። የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ያዝዛል፤ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭም ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ይሠራል። ለተከራዩ ጥበቃ ነው፤ መልካም ነው። ዳሩ ግን በጀቱ ከዓመት ዓመት የሚለመን ድርጅት ለተፈናቃይ እናቶች ክፍል ሲከራይ፣ ለሁለት ዓመት የሚፈርመው በምን አቅሙ ነው? ባለቤቱስ ውሉ እንዳይጸናበት ፈርቶ ለድርጅት ማከራየቱን ቢተው ማን ይጠየቃል? ሕጉ ወደ ሌሎች ከተሞች ሲሰፋ ለእንዲህ ያለ ተከራይ የተለየ መላ ሊበጅለት ይገባል።

ከሁሉ የከፋው ግን መታወቂያ ነው። ቤት የሚጠይቅ ሰው የቀበሌ ነዋሪነቱን እንዲያስረዳ ይፈለጋል፤ ተፈናቃዩ ነዋሪ የነበረው ሸሽቶ በመጣበት ቦታ ነው። አገራችን በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ያጸደቀችው የካምፓላ ስምምነት መንግሥት ለተፈናቃዮች ያለ አድልዎ መጠለያ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። በአንጻሩ በዚያው በቆቦ ጦርነቱ ቤቱን ያፈረሰበት ነባር ድኃ አለ። አዲስ መጪው ቆርቆሮ ሲሰጠው እያየ እርሱ በሸራ ሥር ቢያድር፣ ቅሬታው ምቀኝነት ሊባል አይገባም። እዚህ ላይ የሚበጀው ሰውን በመጣበት ስፍራ ሳይሆን ባለበት ሁኔታ መመዘን ነው፤ ቤቱ ምን ያህል ፈርሷል? በቤቱ ስንት ነፍስ አለ? በሽተኛ፣ ነፍሰ ጡር ወይም አካል ጉዳተኛ አለ? መለኪያው ይህ ሆኖ፣ የተመረጡት ሰዎች ዝርዝር ከነምክንያቱ በቀበሌው በር ቢለጠፍ፣ በራያ ደም እንኳ የሚያስታርቁት የአገር ሽማግሌዎችም የቅሬታ ሰሚ ቢሆኑ፣ ከብዙ ማኅተም የተሻለ ይሠራል። ዝርዝሩን በመሳቢያ የሚቆልፍ ጸሐፊ፣ ሐቀኛ ቢሆን እንኳ፣ አይታመንም።

በመጨረሻም የማኅበራችን ሙያ በቀጥታ የሚገባበት ነጥብ አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ አመቺ መግቢያ እንዲኖረው አዝዞ ነበር፤ አዋጁም ከ10 ሺሕ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች የወጣ በመሆኑ ቆቦን ይመለከታት ነበር። በራያ ቆላ ግን ክረምት ሲገባ ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደው ጎርፍ ሜዳው ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ ጠንቃቃ ግንበኛ የቤቱን ወለል ከመሬት 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያደርጋል፤ ከፊቱም ሦስት ደረጃ ይሠራል። ጎርፉን የከለከለው ደረጃ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደውንም ይከለክላል። በብዙ አገሮች በተለመደው የአንድ ለአሥራ ሁለት ተዳፋት፣ ለ45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 5 ሜትር ከ40 የሚረዝም መወጣጫ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ የአንዲትን አሮጊት ግቢ ግማሽ ይበላል።

መፍትሔው ቤቱን ብቻ ሳይሆን ግቢውን ማንሣት ነው። በየክረምቱ የአቅመ ደካሞችን ቤት የሚያድሱት ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ ከቆርቆሮው ይጀምራሉ። ከዚያ ይልቅ በግቢው ዙሪያ ዝቅ ያለ የድንጋይ ካብ ክቦ፣ አፈሩን ሞልቶ ጠቅጥቆ፣ ከመንገዱ ጀምሮ ቀስ እያለ እንዲነሣ ቢደረግ፣ ደረጃም መወጣጫም ሳያስፈልግ ከደጃፉ ይደረሳል። ጎርፉ በካቡ ውጭ በቦይ ያልፋል። ሲሚንቶ አይጠይቅም፤ ድንጋዩ በየጅረቱ ዳር አለ፤ ጉልበቱም በወንፈል ይገኛል። የበሩ ስፋት 90 ሴንቲ ሜትር፣ የመጸዳጃ ቤቱም እንደዚያው ይሁን፤ ይህ ሥራው ሳይጀመር በወረቀት ላይ ከተሣለ ተጨማሪ ወጪው ከቁጥር የሚገባ አይደለም።